ባሕር ዛፍ በጠርሙስ፦ ኢሴንሻል ኦይልን ቤት ውስጥ በጥንቃቄ ስለ መጠቀም

ብርዱ ሲገባ ጉንፋን ይመጣል፤ ጉንፋን ሲመጣ ደግሞ «ባሕር ዛፍ ታጠኑ» የሚለው ምክር ይከተላል። እዚህ አሜሪካ ቅጠሉን እንደ አዲስ አበባ ከጓሮ መቁረጥ ስለማይቻል በብዙ ቤት የቅጠሉን ቦታ የወሰደችው ከሱቅ ወይም ከኦንላይን የምትገዛው ትንሿ ቡናማ ጠርሙስ ናት። ነርሲንግ እንደምማር የሚያውቁ ዘመዶች «ይሄ እኮ ተፈጥሮ ነው፤ ምንም ጉዳት የለውም አይደል?» ይሉኛል። ጉዳት ሊኖረው ይችላል፤ በተለይ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት።

ግራ መጋባቱ ከስሙ ይጀምራል። በእንግሊዝኛው ስም ውስጥ ያለው «ኢሴንሻል» የመጣው «ኢሴንስ» ከሚለው ቃል ነው፤ የተክሉን መዓዛ የያዘ ማለት ነው። አንዳንድ የአማርኛ ጽሑፎች ግን «አስፈላጊ ዘይት» ብለው ይተረጉሙታል። ይህን ያነበበች እናት ለልጇ የግድ የሚያስፈልግ ነገር ቢመስላት አይፈረድባትም። «ዘይት» የሚለው ቃልም ያሳስታል። የኑግና የሰሊጥ ዘይት ተጨምቆ የሚወጣ ቅባት ነው፤ ይበላል። ኢሴንሻል ኦይል ግን በአብዛኛው የሚወጣው አረቄ በሚወጣበት መንገድ ነው፦ ተክሉ በእንፋሎት ይመታል፣ እንፋሎቱ መዓዛውን ይዞ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውሃው ይለያል። አንድ ጠብታ የኑግ ዘይት ወረቀት ላይ ብታደርጉ ቅባቱ ይቀራል፤ ንጹህ የባሕር ዛፍ ዘይት ግን ቀስ በቀስ ተንኖ ይጠፋል።

የአረቄው ምሳሌ መጠኑንም ያስረዳል። ጠላ በሚጠጣበት ዋንጫ አረቄ የሚጠጣ ሰው የለም። ከ100 ኪሎ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚወጣው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። አያቶቻችን ድስት ውስጥ የሚጨምሩት አንድ እፍኝ ቅጠልና ከጠርሙሱ የሚቀዳው አንድ ማንኪያ ፈጽሞ አይወዳደሩም። (ዛፉ ራሱ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ስለሆነ ነው ባሕር ዛፍ የተባለው።)

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ማንኪያው ነው። ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ የጥቁር አዝሙድ ዘይት አለ፤ ጠዋት ጠዋት አንድ የሻይ ማንኪያ የሚወስዱም አሉ። ያ በአብዛኛው ተጨምቆ የወጣ ዘይት ነው። አጠገቡ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው የባሕር ዛፍ ጠርሙስ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ያህል የባሕር ዛፍ ዘይት የዋጠ ሕፃን ራሱን ሊስት፣ ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥና መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ምልክቱም አንዳንዴ በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል። ካምፎርም እንዲሁ ነው፤ ለዚህ ነው የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በሚቀቡ መድኃኒቶች ውስጥ ያለው የካምፎር መጠን ከ11 በመቶ እንዳይበልጥ የወሰነው። ቤታችን የማይጠፋው ቪክስ ውስጥ ያለው ከዚያ በታች ነው፤ ቢሆንም ማሸጊያው ላይ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥና አፍንጫ ውስጥ እንዳይገባ በግልጽ ተጽፏል። የባሕር ዛፍና የፔፐርሚንት ዘይትንም ሕፃናት ፊት ላይ ወይም አፍንጫቸው አጠገብ አትቀቡ፤ አተነፋፈሳቸውን ሊያውክ ይችላል።

ወደ መታጠኑ እንምጣ። እዚህ ላይ ከዘይቱ ይልቅ የምፈራው የፈላውን ውሃ ነው። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ትኩስ ድስት ላይ ማጎንበስ ልጆችን ክፉኛ ያቃጥላል፤ ድስቱ ጭናቸው ላይ ለመገልበጥ አንድ እንቅስቃሴ ይበቃዋል። ልጅ አታጥኑ። አፍንጫው የታፈነ ልጅ ካላችሁ ሙቅ ሻወር ከፍታችሁ በሩን ዘግታችሁ አብራችሁት መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ተቀመጡ። ሳል ካለበትና 1 ዓመት ካለፈው ትንሽ ማር መስጠት ይቻላል። አዋቂ ሰው መታጠን ከፈለገ ውሃውን ከምድጃ አውርዶ፣ በማይንቀሳቀስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ጥቂት ደቂቃ በረድ ሲል አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ይጨምር፤ ዓይኑንም ይጨፍን። ትንሽ ቀለል ያደርግ ይሆናል እንጂ ጉንፋኑን አያድነውም።

ቆዳ ላይ የሚቀባ ሰው ሁልጊዜ በሌላ ዘይት ማቅጠን አለበት። ለአዋቂ በተለምዶ የሚባለው 2 በመቶ ነው፤ በ2 የሾርባ ማንኪያ (30 ሚሊ ሊትር) የወይራ ዘይት ውስጥ 12 ጠብታ እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ። እንደ ሎሚና ቤርጋሞት ያሉትን ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል። ጠርሙሱ ላይ የከፈታችሁበትን ቀን ጻፉበት፤ ዘይቱ አየር እየነካው ሲያረጅ አለርጂ የማስነሳት ኃይሉ ይጨምራል። ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚሸጠው ዊንተርግሪን ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። አንድ የሻይ ማንኪያው ውስጥ ከ20 በላይ የአዋቂ አስፕሪን ክኒኖች ጋር የሚመጣጠን ሳሊሲሌት አለ። ዋርፋሪን የሚወስዱ አባትና እናት ካሏችሁ ማታ ማታ ጉልበታቸውን በዚህ እንዳታሿቸው፤ ደም የመፍሰስ አደጋውን ከፍ ያደርገዋል።

ዲፊውዘር ላላችሁ፦ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል፤ መስኮት ከፈት አድርጉ፤ አስም ያለበት ሰው ወይም ድመት ባለበት ክፍል ባትጠቀሙ ይሻላል። የድመት ጉበት እነዚህን ነገሮች ማስወገድ ይቸግረዋል። ጠርሙሱን ከሻማና ከምድጃም አርቁ፤ እሳት ይይዛል።

ስለ እጣን ዘይትም ብዙ ይወራል፤ ካንሰር ያድናል የሚሉ አሉ። በቤተ ሙከራ ብዙ የተጠኑት ቦስዌሊክ አሲድ የሚባሉት የእጣን ንጥረ ነገሮች ከባድ ስለሆኑ በእንፋሎት ሲነጠር ሙጫው ውስጥ ይቀራሉ፤ ወደ ጠርሙሱ አይሻገሩም። እጣናችንን ለቡናው ማጨሳችንን እንቀጥል፤ ሕክምናን ግን አይተካም። ጠርሙስ ላይ «ቴራፒዩቲክ ግሬድ» የሚል ብታዩም አትታለሉ፤ ኤፍዲኤ የሚያውቀው እንዲህ ያለ ደረጃ የለም፤ ሻጩ ራሱ የሰጠው ስም ነው።

ልጅ ዘይቱን ከዋጠ እንዲያስታውከው አታድርጉ፤ ዘይቱ ሲመለስ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላልና። «መርዝ ያረክሳል» ብላችሁም ወተት አትስጡ። ልጁ ራሱን ከሳተ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው ወዲያው 911 ደውሉ። ደህና ቢመስልም ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ፖይዝን ኮንትሮል በ1-800-222-1222 ቀንም ሌሊትም በነፃ ይመልሳል። ዓይን ውስጥ ከገባ ለብ ባለ ውሃ 15 ደቂቃ እያጠባችሁ ደውሉ። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ወላጆች አስተርጓሚ እንዲቀርብላቸው መጠየቅ ይቻላል፤ «አምሃሪክ» የምትለውን አንዲት ቃል ማወቅ ይበቃቸዋል። ስትደውሉ ጠርሙሱን በእጃችሁ ያዙ፤ ምን እንደዋጠ፣ ስንት እንደጎደለና የልጁን ክብደት ይጠይቋችኋል።