የሶፍትዌር ኢስናድ፦ የምርምር መሣሪያን በኮምፒውተር ጉባኤ ስለ ማቅረብና ስለ መመዘን

በኢስላማዊ ጥናት መስክ የተሰማሩ ተመራማሪዎች ከመጻሕፍትና ከእጅ ጽሑፎች ጎን ለጎን በሶፍትዌር መገልገል ከጀመሩ ቆይተዋል። የዐረብኛን ቃል ወደ ሥሩ የሚመልሱ፣ የሐዲሥን ሰነድ የሚዘረዝሩ፣ የገጽን ምስል ወደ ፊደል የሚለውጡ መሣሪያዎች ዛሬ በእጃችን አሉ። አብዛኞቹ በቅድሚያ ለምሁራን የሚቀርቡት ግን በኮምፒውተር ሳይንስ ጉባኤዎች ነው። በዚያ መድረክ የሚሰጠውን ምስክርነት መመዘን የሙሐዲሦችን ጥንቃቄ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ይህ ጽሑፍ አሠራሩንና የመመዘኛውን መንገድ ለማብራራት ይሞክራል።

የጉባኤው ሥርዓት በአጭሩ እንዲህ ነው። መሣሪያውን የሠራው ወገን ጥቂት ገጾች ያሉት ጽሑፍ ያስገባል፤ ገምጋሚዎች ይመረምሩታል፤ ተቀባይነት ያገኘው ሥራ በንግግር፣ በፖስተር ወይም በሠርቶ ማሳያ ይቀርባል። ለምሳሌ በኳታር የተሠራው ፋራሳ እ.ኤ.አ. በ2016 በሳንዲያጎ በተካሄደ የቋንቋና የኮምፒውተር ጉባኤ በሠርቶ ማሳያ ክፍል ቀርቧል። የፋራሳ ሥራ የዐረብኛን ቃል በየክፍሉ መነጣጠል ነው። «ወሰየክቱቡነሃ» የሚለው በጽሑፍ አንድ ቃል ቢሆንም በውስጡ አያያዡን፣ የመጪ ጊዜ ምልክቱን፣ ግሱንና ተሳቢ ተውላጠ ስሙን ይዟል። ይህ ካልተለየ ፍለጋም ሆነ ቆጠራ ፍሬ አይኖረውም።

ለእኛ መስክ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው የቁርኣን ዐረብኛ ኮርፐስ ነው። ከይስ ዱክስና ኒዛር ሐበሽ የሥራውን የሶርፍ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2010 በማልታ ዋና ከተማ በቫሌታ፣ ስለ ቋንቋ ሀብቶችና ምዘና በሚመክረው ጉባኤ (ኤልሬክ) አቅርበውታል። በኮርፐሱ አቆጣጠር ቁርኣን 77,430 ቃላት አሉት፤ የእያንዳንዳቸው የሶርፍ ትንታኔ በኮምፒውተር ተመዝግቧል። ችግሩ ግን ቀላል አልነበረም። በጊዜው የነበሩት የዐረብኛ መተንተኛዎች የተዘጋጁት ለዘመናዊ ጽሑፍ ነበር፤ የሙስሐፍ አጻጻፍ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። «ሶላት» የሚለው ቃል በዑስማናዊው ረስም በዋው መጻፉን ማስታወስ ይበቃል። ስለዚህ መሣሪያው በመጀመሪያ ከቁርኣን አጻጻፍ ጋር ተጣጣመ፤ ማሽኑ ያወጣው ትንታኔ በሰው እጅ ታረመ፤ ከዚያም በይፋ ተለቅቆ ከበጎ ፈቃደኞች እርማት ተቀበለ። አከራካሪ በሆኑ ቦታዎች ዳኛ የሆኑት የኢዕራብ መጻሕፍት ናቸው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? መልሱ በቁጥር ይገኛል። በጉባኤ መድረክ አንድ መሣሪያ መቶ ቃላት ተንትኖ 98ቱን በትክክል ከለየ ሊመሰገን ይችላል። ይኸው ልክ በ77,430 ቃላት ላይ ቢሰላ ግን ከ1,500 በላይ ቃላት ተሳስተው ይቀራሉ። ከነዚህ አንዱ በሱረቱ ፋጢር 28ኛ አንቀጽ ላይ ቢያርፍስ? በዚያ አንቀጽ ተሳቢው ከባለቤቱ ቀድሞ መጥቷል፤ ፈሪዎቹ ዑለማእ ሲሆኑ የሚፈራው አላህ ነው። ቅደም ተከተሉን ብቻ የሚከተል መሣሪያ ሁለቱን ቢያቀያይር ትርጉሙ ተገልብጦ ከባድ ስሕተት ይሆናል። የነሕው ጀማሪ ደረሳ የሚያውቀውን ይህን ጉዳይ አማካይ ውጤት አይነግረንም፤ አማካይ ቁጥር ስሕተቱ የት እንደ ወደቀ ይሰውራልና።

ሙሐዲሦች አንድን አስተላላፊ በሁለት ነገር ይመዝናሉ፤ በዐዳላውና በዶብጡ፣ ማለትም በታማኝነቱና በጥንቃቄው። ሶፍትዌር የራሱ ዐዳላ የለውም፤ ዐዳላው የሠራውና ያቀረበው ሰው ነው። ዶብጡ ግን በምዘና ይታወቃል። ኢብኑ ሶላሕ (በ643 ሂጅሪ የሞቱ) በ«ሙቀዲማቸው» ተማሪ ቅጂውን ከሸኹ መነሻ ጋር እንዲያስተያይ ያዘዙበት ሙቃበላ የተሰኘው ሥርዓት ዛሬም ለዚሁ ሥራ ይረዳል።

በዚህ መሠረት መሣሪያ ሲቀርብ አራት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛ፣ መነሻ ጽሑፉ የትኛው ነው? በሐፍስ ሪዋያ የተሠራ ትንታኔ በሱዳን ለሚታወቀው ለዱሪ ወይም በምዕራብ አፍሪካ ለተስፋፋው ለወርሽ ሪዋያ እንዳለ አይተላለፍም። ሁለተኛ፣ መፈተኛው ጽሑፍ መሣሪያው ከሠለጠነበት የተለየ ነውን? በተማሩበት ገጽ መፈተን ፈተና አይባልም። ሦስተኛ፣ የማሽኑና የሰው ድርሻ ተለይቷልን፤ አራሚዎቹስ እርስ በርስ ምን ያህል ይስማማሉ? አራተኛ፣ ስሪቱ ቁጥር አለውን፤ ሌላ ሰውስ ሥራውን ደግሞ ማረጋገጥ ይችላልን? ኦፕን አይቲአይ የተባለው የቀደምት ኢስላማዊ ጽሑፎች ስብስብ በቁጥር በተለዩ ስሪቶች መውጣቱ ለዚህ መልካም አርአያ ነው፤ ጠቃሹ የትኛውን ስሪት እንደ ተጠቀመ መናገር ይችላል። ሠርቶ ማሳያ ላይ የተገኘ ሰው ደግሞ አቅራቢው የመረጠውን ምሳሌ አይቶ ብቻ አይሂድ፤ አስቸጋሪ መሆኑን የሚያውቀውን ዐረፍተ ነገር ራሱ አስገብቶ ይሞክር።

ጉዳዩ ለአገራችን ጥናት እጅግ አስፈላጊ ነው። በሐረርና በወሎ በዐጀም የተጻፉ፣ በዐረብኛ ፊደል የሐረሪንና የአማርኛን ቃል የያዙ ቅርሶች አሉን። በካይሮና በቤይሩት ሕትመት ላይ የተመሰከረለት መሣሪያ ለወሎ መንዙማ የእጅ ጽሑፍ ተመሰክሮለታል ማለት አይደለም። «ጨ» እና «ጰ» በዐረብኛ የራሳቸው ፊደል የላቸውም፤ ስለዚህ አንባቢው ጸሐፊው የቱን ድምፅ እንዳሰበ ቋንቋውን ዐውቆ መለየት አለበት። ክራከንን የመሰሉ ክፍት ምንጭ መሣሪያዎች በሰው በተገለበጡ ገጾች ሊሠለጥኑ ይችላሉ። ገጾቹን በትክክል የሚያነቡት ግን ዜማውንና ቃሉን ከአፍ የተቀበሉ አረጋውያን ናቸው፤ ዕድሜያቸውም የጉባኤ ቀጠሮ አይጠብቅም።

እንግዲህ ከእኛ የሚወጣ ተመራማሪ መሣሪያውን ይዞ በመድረክ ሲቆም ከውጤቱ ቁጥር አስቀድሞ ሰነዱን ይናገር፤ ጽሑፉ ከየትኛው ቅጂ እንደ ተወሰደ፣ ማን እንዳነበበው፣ ማን እንዳረመው፣ የት የት እንደሚሳሳት። ገጹን ያነበቡለት ሸኽም በምስጋና መስመር ብቻ ሳይወሰኑ፣ እርሳቸው ከፈቀዱ፣ በሰነዱ ውስጥ በስማቸው ይጠሩ። ዕውቀቱ የተላለፈው በእርሳቸው በኩል ነውና። ወላሁ አዕለም።