የትሮይ ቤተ መጻሕፍት ሁለት ዘመቻዎች

ትሮይ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ከዲትሮይት አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቷ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። የቤት ዋጋ ወርዶ የከተማዋ የግብር ገቢ ቀንሷል፤ ቤተ መጻሕፍቱን የሚደጉም ግብር ይጣል የሚለውም ሐሳብ በ2010 ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ወድቋል። አሁን የቀረው ዕድል የኦገስት 2 ምርጫ ነበር። የተጠየቀው፣ ለግብር ከሚታሰበው የንብረት ዋጋ በየ1,000 ዶላሩ 70 ሳንቲም ነው።

ተቃዋሚዎቹ በሚገባ ተደራጅተው ስለነበር ክርክሩ ሁሉ ግብር፣ ግብር ሆነ። መጽሐፍን ያነሳ የለም። ቤተ መጻሕፍቱን ለማገዝ የተነሱት የሊዮ በርኔት የማስታወቂያ ድርጅት ባለሙያዎች ጨዋታውን መለወጥ ፈለጉ። ስማቸውን ደብቀው፣ የሌለ ቡድን ፈጥረው በየመንገዱ ዳር ሰሌዳ ተከሉ፦ ኦገስት 2 ቤተ መጻሕፍቱ እንዲዘጋ ድምፅ ስጡ፤ ኦገስት 5 መጽሐፍ የማቃጠል ድግስ አለ! ነዋሪው በቁጣ ነደደ፤ ወሬው ከከተማዋ አልፎ ሄደ። ከዚያ እውነቱ ተገለጠ፤ ቤተ መጻሕፍትን መዝጋት መጽሐፍ ከማቃጠል አይለይም ለማለት ነበር። ግብሩ በ58 በመቶ ገደማ ድጋፍ ጸደቀ።

ብልሃቱ ይደነቃል። ሐሰት ከእውነት ፈጥኖ በሚሰራጭበት በዚህ ዘመን ግን ለማንም አልመክረውም። ይልቅ ይኸው ቤተ መጻሕፍት ከዚያ 40 ዓመት ቀደም ብሎ ያደረገውን እመርጣለሁ።

በ1971 የሕፃናት ክፍል ኃላፊዋ ማርጌሪት ሃርት ለታዋቂ ሰዎች ደብዳቤ ጻፈች። ገንዘብ አልለመነችም፤ የጠየቀችው ስለ መጽሐፍና ስለ ቤተ መጻሕፍት ለትሮይ ልጆች ጥቂት ቃል እንዲጽፉላቸው ብቻ ነው። 97 መልስ መጣላት። ጨረቃን የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ ጻፈ፤ ደራሲዎቹ አይዛክ አሲሞቭ፣ ኢ. ቢ. ዋይት እና ዶክተር ስውስም ጻፉ። ወጪው ወረቀት፣ ፖስታና ቴምብር ነው። ከሁሉ በላይ የምወድላት ግን ደብዳቤዎቹ ለወላጅ ወይም ለሹም ሳይሆን ለልጆቹ ለራሳቸው መጻፋቸውን ነው። አንብብ እየተባለ ሲመከር የኖረ ልጅ፣ ጨረቃ ላይ የቆመ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍለት ነገሩን በሌላ ዓይን ያየዋል።

በ2011 የጸደቀው ግብር ለአምስት ዓመት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ሕዝቡ እንደገና መጠየቅ ነበረበት። ያንኑ የድግስ ሰሌዳ ዳግም መትከል አይቻልም፤ ሰው ነቅቶበታል። ለሃርት የመጡላት ደብዳቤዎች ግን ዛሬም ቤተ መጻሕፍቱ ጋ አሉ፤ አዲስ ማንበብ የለመደ ልጅ ሁሉ ለእሱ እንደተጻፉ አድርጎ ሊያነባቸው ይችላል።