ሥራውን ያጣው መጋዘን ለምን አልፈረሰም? የሊቨርፑሉ አልበርት ዶክ ታሪክ

በእንግሊዝ ሰሜን ምዕራብ፣ የመርሲ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ በተቆረቆረችው ሊቨርፑል፣ አንድ ሰፊ የውኃ ገንዳ ከበው የቆሙ ባለ አምስት ፎቅ የጡብ መጋዘኖች አሉ። አልበርት ዶክ ይባላሉ። በ1846 ሲመረቁ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዘመኑ ከነበሩት የወደብ መጋዘኖች ግንባር ቀደም ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ግን ትልልቆቹ መርከቦች ራቋቸው፤ በ1972 ጭራሹን ተዘጉ፤ ገንዳቸውም በደለል ተሞላ። ዛሬ ደግሞ ሙዚየሞችን፣ ሱቆችንና መኖሪያ ቤቶችን ይዘው ከከተማዋ በብዛት ከሚጎበኙ ስፍራዎች አንዱ ሆነዋል። የተሠራለትን ሥራ ያን ያህል ቀድሞ ያጣ ሕንፃ እንዴት እስከ ዛሬ ሊቆም ቻለ? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል።

በመርሲ አፍ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ልዩነት ከ8 ሜትር በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ውኃው ሲሸሽ መርከብ ጭቃ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሊቨርፑል ከ1715 ጀምሮ በር ያላቸው ገንዳዎችን ሠራች፤ ባሕሩ ሲሞላ መርከቡ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውኃውም ሳይጎድል ይቆያል። ይህ የመርከቡን ችግር ፈታ እንጂ የጭነቱን አልፈታም። ዕቃው ከመርከብ ወርዶ በክፍት ሜዳ ይከመራል፣ ከዚያ በጋሪ ተጭኖ ከተማ ውስጥ ወዳሉት የግል መጋዘኖች ይሄዳል። በየመንገዱ ይሰረቃል። መጋዘን ከደረሰም በኋላ እሳት ይጠብቀዋል፤ ወለሉና ጣሪያው እንጨት፣ የተከማቸው ጥጥና አልኮል ነውና። በ1802 የጎሪ መጋዘኖች ተቃጠሉ፤ በ1842 ደግሞ በፎርምቢ ጎዳና የተነሣው ታላቅ እሳት የነጋዴውንም የመድን ድርጅቶችንም ኪስ ክፉኛ ጎዳ።

ሦስተኛው ጉዳይ ቀረጥ ነበር። ነጋዴው ብራንዲውን ወይም ትምባሆውን ገና ሳይሸጥ ቀረጥ ከከፈለ ገንዘቡ ይታሰርበታል። ዕቃው በጉምሩክ ቁልፍ ሥር ቢቀመጥና ቀረጡም ዕቃው ሲወጣ ብቻ ቢከፈል ግን እፎይ ይላል። ለዚህ መንግሥት የሚያምነው፣ በግንብ የታጠረና ለሌባ የማይመች መጋዘን ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለውን መጋዘን የወደቡ አስተዳደር ራሱ ልሥራ ሲል ከኪራይ ይኖሩ የነበሩ የግል መጋዘን ባለቤቶች ተቃወሙ። በመጨረሻ ዕቅዱ አሸነፈ፤ በ1841ም ግንባታው ተጀመረ።

ሥራውን የመራው ከ1824 ጀምሮ የወደቡ መሐንዲስ የነበረው ጄሲ ሃርትሊ ነው። ሃርትሊ በግምት የሚሠራ ሰው አልነበረም። እሳት የማይበግረው ሕንፃ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አነስተኛ የሙከራ ቤት አሠርቶ፣ እንጨትና ሬንጅ ሞልቶ አቃጠለው። በውጤቱም ጡብን፣ ድንጋይንና ብረትን ብቻ መረጠ። ከመሬት በላይ ያለውን ሸክም የሚሸከም አንድም እንጨት በሕንፃው የለም። ወለሎቹ በብረት ተሸካሚዎች መካከል የታጠፉ የጡብ ቅስቶች ናቸው፤ ቅስቶቹ ወደ ጎን እንዳይገፉ የብረት ማሰሪያ ዘንጎች ይይዟቸዋል። ጣሪያው ሳይቀር እርስ በርሱ በብረት ምስማር በተያያዘ የብረት ሳህን የተሠራ ነው። ለዚህ ሁሉ ከ23 ሚሊዮን በላይ ጡብ ፈጅቷል።

ከመሬት በታች ግን ነገሩ ሌላ ነው። አፈሩ ለስላሳ የወንዝ ዳር አፈር በመሆኑ ግንቡ የተመሠረተው ወደ ታች በተተከሉ በሺዎች የሚቆጠሩ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው። ውኃ በጠገበና አየር በማይደርስበት አፈር ውስጥ እንጨት አይበሰብስም፤ እሳትም አይደርስበትም። ሃርትሊ እንጨትን የጠላው ለእሳት በሚጋለጥበት ቦታ ብቻ ነበር።

በገንዳው ጠርዝ ላይ የተደረደሩት ወፋፍራም ዓምዶች ከሩቅ ድንጋይ ይመስላሉ፤ ግን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ናቸው፣ ውስጣቸውም ባዶ ነው። መጋዘኑን ከውኃው አፋፍ ላይ ስላቆሙት ጭነት ከመርከብ በቀጥታ ወደ ፎቅ ይገባል። በ1848 ደግሞ በውኃ ግፊት የሚሠሩ ማንሻዎች ተገጠሙ፤ በመጋዘን ሥራ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ መካከል ናቸው። በሰው ጉልበት ብዙ ሰዓት ይወስድ የነበረው ሥራ አጠረ።

በእነዚህ ፎቆች ጥጥ፣ ሻይ፣ ሐር፣ ትምባሆ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ስኳርና ብራንዲ ተከማችቷል። እዚህ ላይ አንድ እውነት በግልጽ መነገር አለበት። ብሪታንያ የባሪያ ንግድን የከለከለችው በ1807 ስለሆነ አልበርት ዶክ ባሮችን ለሚጭኑ መርከቦች የተሠራ አይደለም። ነገር ግን ሊቨርፑል ያን ያህል ታላቅ ወደብ የሆነችው በዚያ ንግድ ጭምር ነው፤ ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች እስከ 1865 ይመጣ የነበረውንም ጥጥ የለቀሙት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው። በ2007 የዓለም አቀፉ የባርነት ሙዚየም በዚሁ ግቢ መከፈቱ ስለዚህ ተገቢ ነው።

የውድቀቱ ምክንያት የግንባታ ጉድለት አልነበረም። ገንዳው የተለካው እስከ 1,000 ቶን ለሚሆኑ የሸራ መርከቦች ነው። የእንፋሎት መርከብ ሲመጣ መጠኑ ለጠባቡ መግቢያ አልሆነም። ሌባን ለመከላከል ተብሎ መጋዘኑ ከውኃው አፋፍ ላይ መሠራቱም ጉዳት ሆነ፤ ብዙ ጭነት በፍጥነት አውርዶ ለመለየት የሚሆን ሰፊ ሜዳ አልነበረውም። በ1846 ብልጫ የነበረው ነገር በ1890ዎቹ እንቅፋት ሆኖ ተገኘ። እስከ 1920 ገደማ መርከቦች ከሞላ ጎደል ቀሩ፤ መጋዘኖቹ ግን በጀልባ፣ በባቡርና በመኪና በሚመጣ ዕቃ አገልግሎታቸውን ቀጠሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ኃይሉ ተጠቀመባቸው፤ በግንቦት 1941ም የጀርመን ቦምብ ከፊላቸውን አፈረሰ።

በ1952 መንግሥት በአንደኛ ደረጃ ቅርስነት መዘገባቸው። ይህ ምዝገባ ለማፍረስ የመጡ ዕቅዶችን ለመቋቋም ጠቅሟል፤ መበስበስን ግን አላቆመም። ወደቡ በገንዘብ ሲዳከም በ1972 ደቡባዊዎቹ ገንዳዎች ተዘጉ፤ የውኃ በሮቹ ተከፍተው ሲቀሩም እያንዳንዱ የባሕር ሙላት ደለሉን ይዞ እየገባ ጥሎት ይሄድ ጀመር። የቅርስ ወረቀት የተሰጠው ሕንፃ ለአሥር ዓመታት ያህል በእጅ ያለ ግን ሥራ የሌለው ሀብት ሆኖ ቆየ።

መዳኛው የመጣው በ1981 በተቋቋመው የመርሲሳይድ ልማት ኮርፖሬሽን በኩል ነው። ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባል። መጀመሪያ የመንግሥት ገንዘብ ማንም ነጋዴ የማይነካውን ሥራ ሠራ፦ በሮቹ ተተከሉ፣ ደለሉ ተጠረገ፣ ውኃው ተመለሰ። ከዚያ የግል አልሚ ገባ። በ1984 የመጀመሪያው ክፍል ተከፈተ፤ በ1988 ቴት ሊቨርፑል የተባለው የሥነ ጥበብ ማዕከል ሥራ ጀመረ። የቴትን ስብስብ የመሠረቱት ሄንሪ ቴት ሀብታቸውን ያፈሩት እዚያው ሊቨርፑል ስኳር በማጣራት ነበር።

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። ሕንፃውን ያቆዩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሃርትሊ ለእሳት ብሎ ያደረገው ጥንካሬ ነው፤ ሥራ ከጠፋ በኋላም ዝናብና ቸልተኝነት ቶሎ አላፈረሱትም፤ ሰፋፊና ባዶ ወለሎቹም ሙዚየምም መኖሪያም መሆን አላቃታቸውም። ሁለተኛው ጥንካሬው ከማለቁ በፊት አዲስ ሥራ የሰጠው የሕዝብ ውሳኔ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢኖር አይበቃም ነበር።

ሊቨርፑል ራሷ ይህን ትምህርት እስከ መጨረሻው አልተከተለችም። ዩኔስኮ በ2004 የወደቡን አካባቢ በዓለም ቅርስነት መዝግቦ፣ በሰሜን በኩል በታቀዱ አዳዲስ ግንባታዎች ምክንያት በ2021 ከመዝገቡ ሰርዞታል። በአልበርት ዶክ ግንብ ላይ የተነካ ነገር የለም፤ የተለወጠው ዙሪያው ነው። ስለዚህ አሮጌ የንግድ ሕንፃ ያላት ማንኛዋም ከተማ ሦስቱን አብራ ታስብ፦ ግንቡን፣ ሥራውንና ሰፈሩን። ሥራ የሌለው ቅርስ በራሱ ጊዜ ይፈርሳል፤ ሰፈሩን ያጣ ቅርስ ደግሞ ታሪኩን የሚመሰክርለት አይኖረውም።