አንገተ ረጅሙ እንስሳና የድንጋይ አጥንቱ

ከቆላ ወደ ገበያ የሚመጣውን ግመል ሁላችንም እናውቃለን። አንገቱን ዘርግቶ የግራር ቅጠል ይለቅማል። ሰው በምድር ላይ ከመኖሩ እጅግ አስቀድሞ ግን አንገቱ ከግመል አንገት ብዙ የሚረዝም፣ ቅጠል በል እንስሳ ነበረ። ወገኑ ዳይኖሰር ይባላል።

ይህ እንስሳ የኖረው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። አንገቱን ቀና ሲያደርግ ቁመቱ 13 ሜትር ይደርስ ነበር። ክብደቱም ከ200 ኩንታል ይበልጥ ነበር። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ። ስለዚህ ሌላው የማይደርስበትን የዛፍ ጫፍ ይበላ ነበር። እንደ በሬ አያመሰኳም። ቅጠሉን በጥርሱ ቀንጥሶ ሳያኝክ ይውጣል። የሚራባውም እንቁላል እየጣለ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ? ከአጥንቱ ነው። እንስሳው ወንዝ ዳር ይሞታል፤ ደለል ይሸፍነዋል። ውሃ ጨው እንደሚያሟሟ ሁሉ፣ ከድንጋይ ያሟሟውን ይዞ ወደ አጥንቱ ይሰርጋል። ከብዙ ዘመን በኋላ አጥንቱ ድንጋይ ይሆናል።

እንዲህ ያለ አጥንት በብዛት የተገኘው በታንዛኒያ፣ ቴንዳጉሩ በሚባል ኮረብታ ነው። የተቆፈረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1909 እስከ 1913 ነው። ያን ጊዜ አገሩን የያዘችው ጀርመን ነበረች። በመቶ የሚቆጠሩ የአገሩ ሰዎች ቆፈሩ። አጥንቱን በራስና በትከሻ ተሸክመው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ፤ ሊንዲ ወደብ አደረሱት። ከዚያ በመርከብ ተጫነ። ዛሬ ቆሞ የሚታየው በርሊን ከተማ ነው። የተሸካሚዎቹ የልጅ ልጆች ሊያዩት ቢሹ ባሕር መሻገር አለባቸው።

በአገራችንስ? በሰሜን ሸዋ፣ በዓለም ከተማ አካባቢ፣ በጀማ ወንዝ ሸለቆ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። በውርጌሳ ግን አይገኝም። የአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ግዙፎቹ ዳይኖሰሮች የጠፉት ደግሞ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። የነሱ ዘመን አፈር ከጥቁሩ ድንጋይ በታች ነው ማለት ነው። ጀማ ግን ምድሩን ቆርጦ ገልጦታል።

ከጥቁሩ ድንጋይ በኋላ የኖሩ እንስሳትም አሉ። በጎንደር፣ ጭልጋ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የዝሆን ዘመዶች አጥንት ተገኝቷል። ስለዚህ ጎርፍ በሸረሸረው ቦረቦር አጥንት የሚመስል ድንጋይ ብናይ አንስበረው፤ ከቦታው አናንሳው፤ ለመንገደኛም አንሽጠው። ምልክት አድርገን ለቀበሌ እናስታውቅ። የት እንደተገኘ፣ መቼ እንደተገኘ፣ ማን እንዳገኘው በገዛ እጃችን እንጻፍ።