የሒሳብ መምህር በእጅ ስልክ

አንባቢዎች ሆይ፤ ከወልድያ ተነሥታችሁ ወደ አላማጣ ስትጓዙ ቆቦን አለፍ እንዳላችሁ፥ በማሽላ እርሻ የተከበበች፥ የቆላ ፀሐይ የማይለያት ዋጃ ትቀበላችኋለች። በዚች ከተማ የሚኖር አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ማታ መጽሐፉን ዘርግቶ ሲያጠና ሊሚት ከሚባለው ትምህርት ላይ ቢደናቀፍ ምን ያደርጋል? በአዲስ አበባ እንዳለው እኩያው ቤቱ ድረስ የሚመጣ አስጠኚ ለመቅጠር አቅም የለው ይሆናል። በእጁ ያለው ስልክ ብቻ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ለዚህ ተማሪ ነው፤ ደግሞም ከቢሮ መልስ በማታ ወይም በርቀት ትምህርት ዲግሪውን ለመጨረስ ለሚጣጣረው ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነው።

ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆነ። ይህ የሁሉም ትምህርት ድምር እንጂ የሒሳብ ብቻ ባይሆንም፥ ሒሳብን ሳይዙ ይህን በር ማለፍ ጭንቅ መሆኑን የተፈተነ ሁሉ ያውቀዋል።

ድሮ የቆሎ ተማሪ፥ ጥሩ የቅኔ መምህር አለ ሲባል፥ አኩፋዳውን አንግቶ ከወሎ እስከ ጎጃም በእግሩ ይሄድ ነበር። ዛሬ ግን መምህሩ ራሱ ወደ ተማሪው ይመጣል። ችግሩ ሺህ ሆኖ መምጣቱ ነው! ዩቲዩብ ላይ ‹ሒሳብ› ብላችሁ ብትጽፉ የአንደኛ ክፍል መደመርና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተደባልቀው ይወርዱባችኋል። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀመረው ከኢንተርኔት ሳይሆን ከመማሪያ መጽሐፋችሁ ማውጫ ነው። በማውጫው ላይ ያለውን የምዕራፍና የንዑስ ርእስ ስም በእንግሊዝኛ እንደ ተጻፈ፥ ፊደሉን ሳታዛቡ ገልብጡና ፈልጉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑ ብዙ ጊዜ ያስመርረናል፤ በዚህ ረገድ ግን ይጠቅመናል።

ከምታገኙት ሁሉ መጀመሪያ የምንመክራችሁ ካን አካዳሚ የተባለውን ነው። ታሪኩ ለእናንተም ቅርብ ነው። ሳልማን ካን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2004 በቦስተን ሲሠራ፥ በሌላ ከተማ የምትኖር የዘመድ ልጅ ሒሳብ ስለ ከበዳት በስልክና በኢንተርኔት ያስጠናት ጀመር። ሌሎች ዘመዶችም ሲጨመሩበት ትምህርቱን በፊልም እየቀረጸ አኖረላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የበጎ አድራጎት ድርጅት አደረገው። ክፍያ አይጠየቅበትም።

ነገር ግን አንድ ነገር ያደናግራል። እዚያ ያለው ክፍፍል የአሜሪካኖች ስለ ሆነ ‹11ኛ ክፍል› ወይም ‹12ኛ ክፍል› ብላችሁ ብትፈልጉ የእኛን አታገኙትም። እኛ በ11ኛ ክፍል የምንማራቸው ማትሪክስ፥ ቬክተርና ራሽናል ፈንክሽን፥ በ12ኛ ክፍል የምንጀምራቸው ሲሪስና ሊሚትም ጭምር ‹ፕሪካልኩለስ› በሚባለው ክፍል ውስጥ አሉ። ዴሪቬቲቭ ደግሞ ‹ካልኩለስ› በሚለው ሥር ነው። ይህን አለማወቅ ብቻ ብዙ ተማሪ ተስፋ አስቆርጦ መልሷል።

መጽሐፍ ለሚመርጥ ሰው፥ በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው ኦፐንስታክስ የፕሪካልኩለስና የካልኩለስ መጻሕፍትን በነጻ ያድላል። መጽሐፉ በፒዲኤፍ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ኔትዎርክ አይጠይቅም።

ይህም በእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ክፍል በጦርነቱ ምክንያት ስልክና ኢንተርኔት ስንት ጊዜ እንደ ተቋረጠ የራያ ሰው አይነገረውም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ወራት ቆይቷል። ስለዚህ መሥመሩ ባለበት ቀን አውርዶ ማስቀመጥ፥ ክረምት ሳይገባ ጎተራ እንደ መሙላት ነው። ለዚህ ሥራ ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ውክፔዲያንና ሌሎችንም ትምህርቶች ስልክ ላይ ያኖራል። መምህራን የሆናችሁ አንባቢዎች ደግሞ ኮሊብሪን ተመልከቱ። በትምህርት ቤቱ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ፥ ተማሪዎች ያለ ኢንተርኔት በዚያው ግቢ ውስጥ ከእርሱ ጋር ተገናኝተው የካን አካዳሚን ትምህርት ያያሉ። አንዱ ካወረደው መቶው ይማርበታል፤ የካርድ ወጪውም ይቀራል።

ቴሌግራም ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችንና የመማሪያ መጻሕፍትን ለማግኘት ይጠቅማል። ‹የዘንድሮው መልስ በእጄ ነው› ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ግን እንደ ሌባ ቁጠሩት። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ ሲሠረዝ፥ ሌሊቱን ሲያጠና ያደረውም ተማሪ አብሮ ተቀጥቷል። ጥያቄውን ፎቶ አንሥታችሁ ብትሰጡት የሚፈታላችሁ አዲስ ፕሮግራምም አለ። መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክራችሁ ለማመሳከር ከሆነ መልካም ነው፤ አንዳንዴ ግን በሙሉ ልብ ይሳሳታልና ደረጃውን አንድ በአንድ ፈትሹ። ፊልም ማየትም ቢሆን እንቅልፍ የሚያመጣ ጥናት ነው። አሥር ደቂቃ አይታችሁ ስልኩን ገልብጡትና ያንኑ ጥያቄ በእርሳስ ሥሩ።

አሁን ስልኩ ከመጽሐፉ ይልቅ ወደሚበልጥበት ነገር እንምጣ፤ ይኸውም ግራፍ ነው። ጂኦጀብራን እ.ኤ.አ. በ2001 በኦስትሪያ የሳልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ማርኩስ ሆሄንዋርተር ለመመረቂያው ሠራው። ዴስሞስ የተባለውም እንደዚሁ ነጻ ነው። የ12ኛ ክፍሉን ሊኒየር ፕሮግራሚንግ በዋጃ እርሻ እንሞክረው።

አንድ ገበሬ 8 ጥማድ መሬትና የ48 ቀን ጉልበት አለው እንበል። ማሽላ በጥማድ 4 ቀን፥ ጤፍ 8 ቀን ሥራ ይፈልጋል። ከማሽላው ጥማድ 3 ሺህ፥ ከጤፉ 5 ሺህ ብር ያተርፋል። የማሽላውን ጥማድ ኤክስ፥ የጤፉን ዋይ በሉት። እንግዲህ ኤክስና ዋይ ተደምረው ከ8 አይበልጡም፤ 4 ኤክስና 8 ዋይ ተደምረው ከ48 አይበልጡም፤ ሁለቱም ከዜሮ አያንሱም። እነዚህን በዴስሞስ ላይ ብትጽፉ እያንዳንዱ በየቀለሙ ይቀባል፤ ቀለሞቹ ሁሉ የተደራረቡበት ቦታ ገበሬው ሊያደርግ የሚችለው ነው። ከመነሻው ሌላ ሦስት ማዕዘኖች አሉት። ሁሉንም ማሽላ ቢዘራ 24 ሺህ፥ 6 ጥማድ ጤፍ ብቻ ቢዘራ 30 ሺህ፥ መሥመሮቹ በሚቋረጡበት፥ ማለት 4 ጥማድ ማሽላና 4 ጥማድ ጤፍ ቢዘራ ግን 32 ሺህ ብር ያገኛል።

የጤፉ ትርፍ ወደ 7 ሺህ ብር ቢያድግስ? እናንተው ሥሩት። መልሱን ስታገኙ 2 ጥማድ መሬት ጦም ማደሩን ታያላችሁ፤ ጉልበት ያለው ገበሬ መሬቱን ለምን ጦም እንዳሳደረ አጠገባችሁ ላለው ጓደኛ አስረዱት።