ተጨማሪ መረጃ፦ ከተራራ ጫፍ የደረሰው ቀይ ቀበሮ
ከአዲስ አበባው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ወደ ሰሜን ቀና ስትሉ የሚታያችሁ እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በዚህ ከፍታ አካባቢና ከዚያም በላይ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም፤ ቁጥሩም 500 ገደማ ብቻ ሲሆን ከግማሽ በላዩ ያለው በባሌ ተራሮች ነው።

የአየር ንብረቱ ሲሞቅ፣ ቀድሞ በውርጭ ምክንያት የማይታረሰው ከፍተኛ ምድር ለገብስ ይመቻል። ማሳው ሽቅብ ሲገፋ፣ አይጥና ፍልፈል የሚኖሩበት ሣር ይጠባል፤ ቀበሮውም ምግቡን ያጣል። የሰሜን አሜሪካው ግሪዝሊ ድብ ሙቀት ሲበረታበት ወደ ሰሜን ሊሰደድ ይችላል። ቀይ ቀበሮ ግን ከተራራው ጫፍ በላይ መሄጃ የለውም። ከገበሬው ጋር የሚወጡ ውሾችም የእብድ ውሻ በሽታ ያስይዙታል፤ በባሌ በ2010 ዓ.ም. በሥጋ ውስጥ የተደረገ ክትባት መስጠት የተጀመረው ለዚህ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ሊጠና የሚገባው ግን የአማራ ክልሉ መንዝ ጓሳ ነው። ቀይ ቀበሮ ዛሬም በሚያድንበት በዚህ ቦታ ነዋሪው ሣሩን ለዓመታት ከከብትና ከማጭድ ከልሎ፣ ጊዜው ሲደርስ በጋራ ያጭዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ይህ ጥንታዊ የጥበቃ ሥርዓት ቢፈርስም፣ መልሶ ያቋቋመው ራሱ ነዋሪው ነው።