አሮጌው ሌንስ የትኛውን አዲስ ካሜራ ይሻል?

በየመሳቢያው ተረስተው የቆዩ፣ በየአሮጌ ዕቃ ገበያው የሚሸጡ የፊልም ዘመን ሌንሶች ዛሬ እንደገና ፈላጊ አግኝተዋል። አብዛኞቹ ከብረትና ከብርጭቆ የተሠሩ፣ በእጅ የሚዞሩ በመሆናቸው ሻጋታ ወይም ጭረት ካላገኛቸው አሁንም እንደ ቀድሞው ያገለግላሉ። ችግሩ የሚመጣው የሚገጠሙበት ካሜራ ሲመረጥ ነው። ሱቅ ገብቶ ውድ የተባለውን የሚያነሳ ሰው፣ አሮጌው ሌንስ ፈጽሞ ለማይጠቀምበት ነገር ከፍሎ ሊወጣ ይችላል።

መነሻው ርቀት ነው። እያንዳንዱ ሌንስ ከፊልሙ በተወሰነ ርቀት ላይ እንዲቀመጥ ተደርጎ ይሠራል። በቀድሞዎቹ ካሜራዎች በሌንሱና በፊልሙ መካከል የሚነሣና የሚወርድ መስተዋት ስለነበር ርቀቱ ሰፊ ነበር፦ በኒኮን 46.5፣ በጠመዝማዛ በሚታሰረው «ኤም 42» 45.46፣ በካነን «ኤፍ ዲ» ደግሞ 42 ሚሊ ሜትር። ካነን እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ «ኢ ኤፍ» ሲሻገር ርቀቱን 44 ሚሊ ሜትር አደረገው። በዚህች 2 ሚሊ ሜትር የተነሣ የኩባንያው የራሱ ነባር ሌንሶች፣ ማረሚያ ብርጭቆ ካልታከለላቸው በቀር፣ በአዲሱ ካሜራ ላይ ሩቅ ያለውን አጥርተው ማሳየት ተሳናቸው።

መስተዋቱ የወጣላቸው «ሚረርለስ» ካሜራዎች ይህን እንቅፋት አስወገዱ። ርቀቱ በሶኒ 18፣ በኒኮን «ዜድ» 16፣ በካነን «አር ኤፍ» 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የጎደለውን ባዶ የብረት ቀለበት ይሞላዋል፤ ብርጭቆ ስለሌለበትም ምስሉን አያበላሽም።

እንግዲህ ከመግጠሙ ይልቅ የሚያሳስበው የሴንሰሩ ስፋት ነው። የፊልሙ ፍሬም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነበር። ሴንሰሩ ከዚያ ካነሰ የሌንሱ ዳርቻ ይቆረጣል፤ በ1.5 እጥፍ በሚያጠብ ካሜራ ላይ የ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንደ 42 ያያል። በሶቪየት ኅብረት የተሠራው «ሄልዮስ 44» የሚወደደው ከበስተኋላ ያለውን ቅጠል እንደ አዙሪት ስለሚያሽከረክረው ነው፤ አዙሪቱ ግን ጎልቶ የሚታየው በዳርቻው ነውና ትንሹ ሴንሰር ይህንኑ ቆርጦ ይጥለዋል።

የላይካ «ኤም» ዓይነት ሌንስ ያለው ሰው ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻዋል። እነዚህ ካሜራዎች መስተዋት ስላልነበራቸው የሰፊ እይታ ሌንሶቻቸው ጀርባ ወደ ፊልሙ በጣም ይጠጋል፤ ብርሃኑም በዳርቻው ላይ እጅግ አግድም ሆኖ ይወድቃል። ፊልም ፊቱ ራቁቱን ነበር፤ ሴንሰር ግን መከለያ ብርጭቆ አለው። ብርጭቆው በወፈረ መጠን አግድም የመጣው ብርሃን ይበልጥ ይጣመምና የምስሉ ማዕዘኖች ይደበዝዛሉ። የላይካ መከለያ በጣም ስስ ነው፤ የኒኮን «ዜድ»ም ከሶኒ ይሳሳል። በ50 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ሌንስ ግን ልዩነቱ እምብዛም አይታይም።

ገንዘብ ቢወጣበት የማያስቆጨው የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክሰው፣ ሴንሰሩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው «ሶኒ ኤ7 ማርክ 2» ላይ፣ በ2020 በወጣው «ኒኮን ዜድ 5» ላይም ይገኛል። አሮጌው ሌንስ ስለ ራሱ ለካሜራው የሚነግረው ስለሌለ የሚሊ ሜትር ቁጥሩን ባለቤቱ በእጁ ማስገባት አለበት፤ የ135ን ሌንስ 50 ብሎ ያስገባ የሚገባውን እርዳታ አያገኝም።

የዕይታ መስኮቱም ጥራት ዋጋ አለው፤ ሥራው ሁሉ በዓይንና በጣት ነውና። የጠራውን ጠርዝ በቀለም የሚያቀልመው ረዳት ፈጣን ቢሆንም ሌንሱ ሰፋ ብሎ ሲከፈት ከልኩ በላይ ያቀልማል። ምስሉን አጉልቶ ማየት የተሻለ መታመኛ ነው። በዚህ ረገድ 3.69 ሚሊዮን ነጥብ ያለው የ«ዜድ 5» መስኮት 2.36 ሚሊዮን ካለው ከ«ኤ7 ማርክ 2» ይበልጣል። ዓይንን ለሚከታተለው ፈጣን የፎከስ ሥርዓት መክፈል ግን በእጅ ለሚዞር ሌንስ ትርጉም የለውም፤ ስለዚህም ጥቂት ዓመት ያገለገለ ካሜራ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ካሜራው እንደተገዛ «ሌንስ የለም» ብሎ አላነሣም ካለ አልተበላሸም፤ ያለ ሌንስ እንዲያነሣ የሚፈቅደው ትእዛዝ በቅንብሩ ውስጥ መከፈት አለበት። ርካሽ ቀለበቶችም አንዳንድ ጊዜ ከልካቸው በጥቂቱ ያጥራሉ። ያን ጊዜ በሌንሱ ላይ የተጻፈው የርቀት ቁጥር ከእውነተኛው ጋር አይገጥምም፤ ሩቁን ተራራ ግን አጥርቶ ማንሣት ይቻላል።